ልጆቹን መሸኘት የሰለቸው ተራራ



ከወሎ ተራሮች በአንዱ ላይ በሚገኝ ትምህርት ቤት ስናስተምር ከሁሉ የሚከብደን ሥራ የስም ጥሪ ነው። መስከረም ላይ ክፍሉ ሙሉ ነው፤ በአንድ ዴስክ ሦስት ልጆች ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። ጥር ሲገባ ግን ስም ጠርተን "አቤት" የሚል የምናጣበት ጊዜ ይበዛል። "የት ሄደ?" ብለን ስንጠይቅ ልጆቹ እርስ በርስ ይተያዩና አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ሄዷል" ይላል። ወዴት እንደ ሄደ አይነግረንም፤ እኛም አንጠይቅም፤ ሁላችንም እናውቀዋለንና። ከተራራው ወርዶ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ ከጅቡቲ ጠረፍ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያም በእግሩ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ለመሻገር ነው የሄደው።

እንዲህ ከጠፉብን ተማሪዎች አንዱ ስምንተኛ ክፍል ደርሶ የነበረ፣ በሒሳብ ከክፍሉ የሚቀድመው የሌለ፣ ከዐስር ሶላት በኋላም በመስጊዱ ግቢ ትንንሾቹን ቁርኣን የሚያስቀራ ልጅ ነበር። አባቱን ልናነጋግር ወደ ቤታቸው ወጣን። ሽማግሌው ካሉዋቸው ሁለት በሬዎች አንዱን ሸጠው ለደላላው መክፈላቸውን አልደበቁንም። እኛ ወቀሳ ይዘን ነበር የሄድነው። ነገር ግን ቡናው ቀርቦ ዱዓው ከተደረገ በኋላ ቀድመው የጠየቁን እርሳቸው ሆኑ፦ "ኡስታዝ፣ መሬቴ ለታላቁ ልጄም አልበቃ። ይኸኛው ትምህርቱን ቢጨርስ ከተማ ላይ የሚያውቅልኝ ሰው የለኝ። እስቲ አንቱ ይንገሩኝ፤ ምን ይዤ ላስቀረው?"

መልስ አልነበረንም። "ትዕግሥት ያድርጉ" ብለን ለመናገር እንኳ አፈርን። ይህች ጽሑፍ ከዚያች ጥያቄ የተወለደች ናት።

ከዚያ ቀን ወዲህ፣ እንደ እኛ በተራራ ላይ የሚኖር ሌላ ሕዝብ ይህን ጥያቄ እንዴት አድርጎ እንደ መለሰው ስናነብና ስንጠይቅ ቆየን። ካገኘናቸው ታሪኮች ሁሉ ለእኛ ኑሮ የቀረበው በሰሜን ፓኪስታን የሚገኙት የካራኮረም ሸለቆዎች ታሪክ ሆነ። ሀገሩ ሩቅ ነው፤ ቋንቋውም ሌላ ነው። ነገር ግን ሕዝቡ ሙስሊም ነው፤ ኑሮው የተራራ እርሻና ከብት ነው፤ ወጣቱም እንደ እኛው ወጣት እንጀራ ፍለጋ ወደ ሩቅ ከተማና ወደ ባሕረ ሰላጤው ሀገሮች ሲወርድ የኖረ ነው። ስለዚህ አንባቢያችን ለጥቂት ጊዜ ወደዚያ አብሮን ይሻገር፤ በመጨረሻ ወደ ሽማግሌው ጥያቄ እንመለሳለን።

በድንጋይና በበረዶ መካከል

ካራኮረም የዓለማችን ታላላቅ ተራሮች የተሰበሰቡበት ቦታ ነው። ከኤቨረስት ቀጥሎ በዓለም ሁለተኛ የሆነውና 8,611 ሜትር ከፍታ ያለው ኬ ሁለት የሚገኘው በዚሁ ነው። ሁንዛና ናገር የሚባሉት ሸለቆዎች 7,788 ሜትር በሚደርሰው በራካፖሺ ተራራ ግርጌ ፊት ለፊት ይተያያሉ። አካባቢው ቀድሞ "ሰሜናዊ ግዛቶች" ይባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ግን ጊልጊት ባልቲስታን ተብሏል።

ይህን ያህል በረዶ ባለበት ሀገር ውሃ የሞላ ይመስላል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ዝናም ያዘሉ ደመናዎችን ተራሮቹ ስለሚያግዱዋቸው በጊልጊት ከተማ አካባቢ በዓመት የሚወርደው ዝናም ከ150 ሚሊ ሜትር ገደማ አይበልጥም። ይህ ለአንድ አዝመራ እንኳ አይበቃም። ስለሆነም ገበሬው የሚኖረው ከላይ ከበረዶው ግግር የሚቀልጠውን ውሃ በገደል ላይ በተፈለፈለ ቦይ እየመራ ነው። ቦዩ የደረሰበት መሬት ስንዴና ድንች ያበቅላል፤ አፕሪኮት የተባለው የፍራፍሬ ዛፍም ይለመልምበታል። ቦዩ ያልደረሰበት መሬት ባዶ ድንጋይ ነው። በእነዚያ ሸለቆዎች "መሬት የለኝም" ማለት "ውሃ የለኝም" ማለት ነው።

በቀድሞው ዘመን ቦይ የሚያስቆፍረው የየሸለቆው ገዥ ነበር። ገዥው ያዝዛል፣ ሕዝቡ በግዴታ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ የናገርና የሁንዛ ገዥዎች ሥልጣን ተሻረ፤ የሁንዛው ፍጻሜ በ1974 ነበር። ሕዝቡ ከጭሰኝነት ዐረፈ። ነገር ግን ግዴታው ሲቀር ማስተባበሩም አብሮ ቀረ። የፈረሰ ቦይ የሚጠግን፣ አዲስም የሚጀምር ጠፋ።

በዚሁ ዘመን ፓኪስታንና ቻይና በተራሮቹ መካከል ታላቁን የካራኮረም አውራ ጎዳና ሠሩ። መንገዱ 4,693 ሜትር ከፍታ ባለው በኹንጀራብ በር ያልፋል። ሲሠራ በመሬት መንሸራተትና በአደጋ ከሁለቱ ሀገሮች በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች አልቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1978 ተመረቀ። ሕዝቡ መንገድ በመጣ ጊዜ ሀብት የሚመጣ መስሎት ነበር። ፈጥኖ የሆነው ግን ሌላ ነው፦ መንገዱ ዕቃ ይዞ ወጣ፣ ወጣት ይዞ ወረደ። እኛም ይህን በዓይናችን አይተነዋል። መንገድ ብቻውን ልጅን አያስቀርም፤ አንዳንዴም መሄጃውን ያቀልለታል።

ስጦታ የለም፤ ውል ግን አለ

እ.ኤ.አ. በ1982 መጨረሻ የአጋ ኻን ፋውንዴሽን በዚህ አካባቢ የገጠር ድጋፍ ፕሮግራም አቋቋመ። ድርጅቱ የኢስማዒሊያዎች መሪ ያቋቋሙት ነው። በሸለቆዎቹ ግን ሱንኒዎችም፣ ሺዓዎችም፣ ኢስማዒሊያዎችም ይኖራሉ፤ የፕሮግራሙም ደንብ ሁሉንም መንደር በአንድ ዓይን ማየት ነበር። ሥራውን እንዲመሩ የተሾሙት ቀድሞ የመንግሥት ባለሥልጣን የነበሩት ሾዓይብ ሱልጣን ኻን ናቸው። እርሳቸውም ትምህርታቸውን የቀሰሙት፣ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ በዛሬዋ ባንግላዴሽ በኮሚላ የገበሬዎችን ማኅበራት ካደራጁት ከአኽተር ሐሚድ ኻን ነበር። ሾዓይብ ሱልጣን ኻን በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1992 የማግሳይሳይን ሽልማት ተቀብለዋል።

አሠራሩ ቀላል ነበር። የፕሮግራሙ ሰዎች ወደ መንደር ይወጣሉ፤ መንደርተኛውን ሁሉ በሜዳ ይሰበስባሉ፤ "ይዘንላችሁ የመጣነው ስጦታ የለም፤ ውል ግን ይዘናል" ይላሉ። ውሉ ሦስት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ መንደሩ በማኅበር ይደራጅ፤ አብዛኛው አባወራ አባል ይሁን፤ ሁልጊዜም በቀጠሮ ይሰብሰብ። ሁለተኛ፣ በየስብሰባው እያንዳንዱ አባል የቻለውን ያህል ገንዘብ ይቆጥብ፤ ትንሽም ብትሆን በመዝገብ ትጻፍ። ሦስተኛ፣ መንደሩ ከመካከሉ ሰው መርጦ ለሙያ ሥልጠና ይላክ።

መንደሩ ይህን ከተቀበለ በበኩሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ "ሁላችንንም የሚጠቅም፣ ራሳችን ልንሠራውና ልንጠብቀው የምንችል ሥራ የትኛው ነው?" መልሱን የሚሰጠው መንደሩ ነው። በብዙ ቦታ መልሱ የመስኖ ቦይ ሆነ፤ በሌላው ቦታ ከአውራ ጎዳናው የሚያገናኝ መንገድ ወይም ድልድይ። ለዚያ አንድ ሥራ ፕሮግራሙ ገንዘብና መሐንዲስ ይሰጣል፤ ጉልበቱ የመንደሩ ነው። ገንዘቡም በጓዳ አይሰጥም፤ ስንት እንደ ሆነ ሽማግሌውም እረኛውም እንዲያውቅ በአባላቱ ፊት ይነገራል።

በዚህ መንገድ በሺህ የሚቆጠሩ የመንደር ማኅበራት ተቋቋሙ። የዓለም ባንክ ገምጋሚዎች ሥራውን ከ1980ዎቹ እስከ 2002 ድረስ አራት ጊዜ መርምረውታል። በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት የሕዝቡ ገቢ በእጥፍ ገደማ ማደጉን መስክረዋል። እርግጥ ነው፣ አውራ ጎዳናውም በዚህ ውስጥ የራሱ ድርሻ አለው። ነገር ግን ቀደም ብሎ ወጣት ብቻ ያወርድ የነበረው መንገድ ድንችና የደረቀ ፍሬም ያወርድ ጀመር።

መዝገቡን የያዘው ልጅ

አንባቢ "ይህ ሁሉ የአባቶች ነገር ነው፤ ወጣቱ የት አለ?" ሊለን ይችላል። እኛም ስናነብ የፈለግነው ይህንኑ ነበር። ያገኘነው መልስ ከሁሉ ይበልጥ አስደነቀን።

ማኅበር ከተባለ መዝገብ አለ። ማን ስንት ቆጠበ፣ ማን ተበደረ፣ ማን ከሥራ ቀረ የሚለው መጻፍ አለበት። በእነዚያ መንደሮች ግን ብዙዎቹ ሽማግሌዎች ፊደል አልቆጠሩም። ስለዚህ እስክሪብቶው ወደ ተማረው ልጅ ሄደ። ትናንት በሽማግሌ ፊት እንዲናገር የማይፈቀድለት ጎረምሳ ዛሬ በስብሰባው መካከል ቆሞ ሒሳብ ያነብባል፤ ሽማግሌውም "እስቲ የእኔን ድገምልኝ" ይለዋል። ትምህርቱ ከመንደሩ የሚወጣበት መሰላል ብቻ መሆኑ ቀረና ለመንደሩ የሚያስፈልግ ዕቃ ሆነ።

ሁለተኛው የሙያው ሥልጠና ነው። መንደሩ የሚልከው ሰው ለጥቂት ሳምንታት ይሠለጥንና ይመለሳል። አንዱ ከብት መከተብ ይማራል፤ ሌላው የዛፍ በሽታ መከላከልን፤ ሌላው ዶሮ ማርባትን። ሲመለስ ከድርጅቱ ደመወዝ አይከፈለውም። የከተበለት ገበሬ ራሱ ትንሽ ትንሽ ይከፍለዋል። በመጀመሪያ ሲሰሙት ይህ የጭካኔ ይመስላል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ደመወዝ ከሩቅ የሚመጣለት ሰው ደመወዙ የቆመ ዕለት ይሄዳል። የጎረቤቱ ላም ስለ ዳነች የሚከፈለው ሰው ግን መንደሩ እስካለ ድረስ ሥራ አለው። ጎረቤቱም ይፈልገዋል። ለአንድ ወጣት፣ ከገንዘቡ ይልቅ "እፈለጋለሁ" የሚለው ስሜት ልቡን እንደሚይዘው እኛ አስተማሪዎች በየቀኑ እናያለን።

ሦስተኛው አዲሱ መሬት ነው። በአዲስ ቦይ ውሃ የደረሰበት መሬት ቀድሞ የማንም ስላልነበረ ለቤተሰቦች ይከፋፈላል። ለታላቁ ልጅ እንኳ ያልበቃው የአባት ማሳ ከጎኑ አዲስ እርሻ ተጨመረለት። የተራራው ወጣት እዚያው ጎጆ ቀልሶ ለመቅረት የሚያስችለው ነገር በመጀመሪያ ጊዜ ተገኘ ማለት ነው።

ስለ እኅቶቻችን

የዚህ ታሪክ ሥር ግን ከ1982 ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1946 ሱልጣን ሙሐመድ ሻህ የመሪነታቸውን 60ኛ ዓመት ሲያከብሩ ተከታዮቻቸው በአልማዝ መዘኑዋቸው። በዚያ ዘመን በሁንዛና በአካባቢው መንደሮች የአልማዝ ኢዮቤልዩ ትምህርት ቤቶች የሚባሉ ተከፈቱ። መንገድ ባልነበረበት፣ መብራት ባልታየበት ዘመን ማለት ነው። ለሴት ልጅ ትምህርት ልዩ ትኩረት ተሰጠ። አንድ ትውልድ ካለፈ በኋላ የመንደር ማኅበሩ ሲመጣ ማንበብ የሚችሉ እናቶች ጠበቁት።

ሴቶቹ በየአካባቢያቸው ልማድ መሠረት የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ለብቻቸው ይሰበሰባሉ፤ ለብቻቸው ይቆጥባሉ። በአትክልትና በዶሮ ጀመሩ። በኋላ ደግሞ በሁንዛ ውስጥ አልቲት በምትባል መንደር ወጣት ሴቶች አናጺነትና የቤት ልኬት ተምረው፣ የጥንቱን መንደር ቤቶች በማደስ ሥራ ተሰማሩ። ሺምሻል ከተባለች፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለች ሩቅ መንደር የወጣችው ሳሚና ቤግ እ.ኤ.አ. በሜይ 2013 ኤቨረስትን የወጣች የመጀመሪያዋ ፓኪስታናዊት ሆነች። በ2022 ደግሞ ኬ ሁለትን ወጣች። ይህች መንደር የመኪና መንገድ ያገኘችው በ2003 ነው፤ ነዋሪዎቹ ራሳቸው ከ1985 ጀምሮ ገደል እየፈለፈሉ አሥራ ስምንት ዓመት ከደከሙ በኋላ። ሳሚና መንገዱ ገና እየተቆፈረ ሳለ የተወለደች ልጅ ናት።

በዚያው ክልል የሆነ ሌላ ነገርም አለ፤ እርሱንም ልንደብቀው አይገባም። ከሁንዛ ወደ ደቡብ በሚገኘው በዲያመር እ.ኤ.አ. በኦገስት 2018 በአንድ ሌሊት ከ12 የማያንሱ ትምህርት ቤቶች በእሳት ጋዩ፤ አብዛኞቹ የሴት ልጆች ነበሩ። የአካባቢው ሰዎች ግን ድርጊቱን አውግዘው በአደባባይ ወጡ፤ ልጆቻቸው እንዲማሩም ጠየቁ። ተራራው አንድ፣ ሃይማኖቱም አንድ ሆኖ ሳለ በአንዱ ሸለቆ ሴት ልጅ ተራራ ትወጣለች፤ በሌላው ትምህርት ቤቷ ይቃጠላል። ስለዚህ ልዩነቱን ያመጣው ኢስላም ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። የመጀመሪያው ወሕይ ስለ ማንበብ የወረደለት ሕዝብ ልጆች ነን። ልዩነቱን ያመጣው ሰው ለልጁ ከስንት ዓመት በፊት ማሰብ እንደ ጀመረ ነው።

ያልተፈታው ቋጠሮ

ይህን ጽሑፍ በዚህ ብንዘጋው ግማሽ እውነት ጽፈን እናልፋለን። የካራኮረም ነገር ሁሉ ማር አይደለም።

ከጊዜ በኋላ ከመንደር ማኅበራቱ ብዙዎቹ ተዳከሙ። ቦዩ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ የመሰብሰቡ ምክንያት የጠፋበት መንደር ነበር። ስለሆነም ከ2000 ወዲህ በርካታ ማኅበራትን በአንድነት የሚይዙ ሰፋ ያሉ የአካባቢ ድርጅቶች እንዲቋቋሙ ተደረገ። ትምህርቱም ቢሆን የራሱን ጥያቄ ወለደ። እ.ኤ.አ. በ2002 በጊልጊት የካራኮረም ዓለም አቀፍ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል፤ ተመራቂው በየዓመቱ ይወጣል፤ ሥራው ግን እንደ ተመራቂው አይበዛም። ወጣቶቹ ዛሬም ወደ ካራቺና ወደ ኢስላማባድ ይወርዳሉ። ጊዘር በተባለው ወረዳ ደግሞ፣ በተለይ ከ2000 በኋላ ባሉት ዓመታት፣ በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን የሚያጠፉ ወጣቶች ጉዳይ ወላጆችንና ተመራማሪዎችን እጅግ አስጨንቋል። የዚህን መከራ ምክንያት በአንድ ቃል መናገር አይቻልም። ሆኖም ትምህርት ተስፋን ከፍ አድርጎ ኑሮው ዝቅ ብሎ ሲቀር በልጁ ልብ ውስጥ የሚሆነውን ወላጅ አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል። ልጁን ስለ ውጤቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ልቡም ይጠይቀው።

ተራራውም ራሱ ፈተናውን አላቆመም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 2010 በሁንዛ አታባድ ላይ ተራራ ተንዶ 20 ሰዎች ሞቱ፤ ወንዙም ታግዶ ታላቅ ሐይቅ ሆነ። አውራ ጎዳናው በውሃ ተዋጠ። በ2015 አዲሶቹ ዋሻ መንገዶች እስኪከፈቱ ድረስ ከአምስት ዓመት በላይ ሰውም ድንችም በጀልባ ነበር የሚሻገረው። በእንዲህ ያለ ሀገር ልጅ "ቀርቶ ይኑር" ሲባል ቀላል ነገር እንዳልተጠየቀ ማወቅ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ከዚህ የምንወስደው ትምህርት "ወጣቱ ከተራራው አይውጣ" የሚል አይደለም። ከሁንዛም ብዙዎች ወጥተዋል፤ ብዙዎችም ተመልሰዋል። የቀደመው ወጣት ሌላ መንገድ ስላልነበረው ነበር የሚወርደው። የኋለኛው ግን መቅረትም መሄድም ሲችል መርጦ ይሄዳል። ወጣትን ማብቃት የምንለው ይህንን ነው፦ ምርጫ እንዲኖረው ማድረግ።

ወደ ተራራችን ስንመለስ

አሁን ወደ ወሎ እንመለስ። ውድ አንባብያን፣ የካራኮረም ሰዎች በ1982 እንደ አዲስ ያቋቋሙትን ማኅበር እኛ ከአያት ከቅድመ አያት ወርሰን ይዘነዋል። ስሙ ቅሬ ነው። ሰው ሲሞት ቅሬው ይወጣል፤ ቤት ሲቃጠል ቅሬው ይሠራል፤ የቀረ ይቀጣል፤ የበደለ ይመከራል። በብዙ መንደር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው። ቁጠባም አናጣም፤ እቁብ አለን። ጉልበትም አናጣም፤ ደቦ አለን።

ለወጣት መድከምም ለዚህ ተራራ አዲስ ነገር አይደለም። ዳና፣ ገታ፣ ጃማ ንጉሥ የሚባሉት የዒልም ቦታዎች በተራራ ላይ ያሉ መንደሮች ናቸው። ደረሳው ለፊቅሁ ወደ አንዱ ሸኽ፣ ለነሕዉ ወደ ሌላው እያለ በእግሩ ሲዞር ያበላው ማን ነበር? ገበሬው ነው። ያ ገበሬ ራሱ ኪታብ አይቀራም ነበር፤ ነገር ግን የማያውቀው የሰው ልጅ እንዲቀራ ከጎተራው እየቀነሰ ይሰጥ ነበር። ከዚህ ተራራ ታላላቅ ዑለማእ የወጡት በአጋጣሚ አይደለም።

ታዲያ ምን ጎደለን? እኛ እንደሚመስለን የጎደለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ በቅሬያችን ውስጥ ወጣቱ ቃሬዛ ይሸከማል፣ መቃብር ይቆፍራል፣ እንግዳ ያስተናግዳል፤ ሲመከር ግን አይጠየቅም። ሁለተኛው፣ ቅሬያችን ለሞት የተዘጋጀውን ያህል ለኑሮ አልተዘጋጀም። የሞተውን ልጃችንን በክብር ለመቅበር መቶ ሰው ይወጣል፤ ያው ልጅ በሕይወት ሳለ ሙያ እንዲማር ግን ማንም አይሰበሰብም።

በሬ ሸጦ ልጅን ለደላላ መስጠት ምን እንደሚያስከፍል የማያውቅ ቤተሰብ የለም። በ2006 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ) ሳዑዲ ዐረቢያ ከ160,000 የሚበልጡ ወገኖቻችንን በጥቂት ወራት ውስጥ መልሳለች፤ ብዙዎቹ ከነጠላ ልብሳቸው በቀር የያዙት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ብቻ በጅቡቲ ጠረፍ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው በርካታ ኢትዮጵያውያን ባሕር ውስጥ ቀርተዋል። በ2010 ዓ.ም. የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት ዕገዳ ከተነሣ ወዲህ 18 ዓመት ለሞላው ሰው ሕጋዊ መንገድ አለ። መሄድ የግድ ከሆነ በዚያ ይሁን። የአሥራ አራትና የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ግን በየትኛውም መንገድ ቢሆን ሊላክ አይገባውም። በዚህ ላይ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት፣ በኋላም በክልላችን በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ፈርሷል፣ ብዙም ተዘግቷል። ልጁን የሚይዘው ነገር እየሳሳ፣ የሚጠራው ነገር እየጠነከረ ሄዷል።

እኛ ከዚህ በታች የምናቀርበው ታላቅ ዕቅድ አይደለም። አንድ ቅሬ በአንድ ወር ሊጀምረው የሚችል ነገር ነው። ቅሬው ለሞት ከሚሰበስበው ገንዘብ ጎን ሌላ ትንሽ መዝገብ ይክፈት፤ በየስብሰባው እያንዳንዱ ቤት የቻላትን ያስቀምጥ። መዝገቡንም ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ወይም ልጃገረድ ይያዝ፤ በሽማግሌዎች ፊትም ያንብበው። ዓመት ሲሞላ በዚያ ገንዘብ አንድ ወጣት ሙያ ለመማር ይላክ፤ የከብት ሕክምና ረዳትነት፣ የንብ ማነብ፣ የውሃ ፓምፕ ጥገና፣ መንደሩ የሚፈልገውን። ሲመለስ መንደሩ ለሥራው ይክፈለው። በሚቀጥለው ዓመት ሴት ልጅ ትላክ። በባሕረ ሰላጤው የሚሠሩ ወንድሞችና እኅቶቻችንም ለቤት ቆርቆሮ ከሚልኩት ላይ ጥቂቷን ወደዚህ መዝገብ ያድርጉ። የመስጊዱ ኢማም በጁሙዓ ቀን ስለ ሰደቃ ሲናገር ይህንንም ይጨምርበት፤ ሌላ ሰው ተምሮ እንዲጠቅም የሚሰጥ ገንዘብ ሰጪው ከሞተ በኋላም አጅሩ እንደማይቋረጥ ሁላችንም እናውቃለንና።

አንዲት ቀሪ ነገር አለች። ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ሽማግሌው ቤት ተመልሰን ወጣን። ከልጁ ወሬ አልመጣም ነበር። ከላይ የጻፍነውን ሁሉ በአጭሩ ነገርናቸው። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፣ "ኡስታዝ፣ ይህ ለእኔ ዘግይቷል" አሉን። ከዚያም በጓዳው በር ቆማ የምታዳምጠውን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃቸውን ጠሩ። "መጻፍ ትችያለሽ አይደል?" አሏት። አንገቷን አቀርቅራ "አዎ፣ አባ" አለች። "እንግዲያው በመጪው ሰኞ በቅሬው ስብሰባ ላይ ከእኔ ጋር ትመጫለሽ" አሉ።

ሰኞ ዕለት ደብተሯን ይዛ መጣች። የመጀመሪያውን ገጽ ስታሰምር እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። በዚያ ቀን አሥራ ሰባት ቤቶች አስመዘገቡ። የመጀመሪያው ስም የአባቷ ነበር።

አላህ የሄዱትን በሰላም ይመልስልን፤ ያሉትንም የምናስቀርበትን ጥበብ ይስጠን። አሚን።